ሰገነቱ ላይ የቆመው ማን ነው? የመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች በባሮክ ሥዕልና በስብከት መድረካችን

መግቢያ

ገና የሴሚናሪ ተማሪ ሳለሁ በአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በእሑድ አምልኮ እንድሰብክ ተጋበዝኩ። የመረጥኩት ክፍል 2ኛ ሳሙኤል 11 ሲሆን ጉዳዬም ዓይንን ከፈተና ስለ መጠበቅ ነበር። ታሪኩ ሕያው እንዲሆንልኝ ብዬ ስለ ቤርሳቤህ ውበት በሰፊው አወራሁ፤ የምሽቱን ብርሃን፣ ውሃውን፣ ገላዋን፣ ሁሉንም በቃል ሣልኩት። ቀጥዬም፣ «ሰው እያያት በሰገነት ላይ ባትታጠብ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር» አልኩ። ጉባኤው ፈገግ አለ። ከአምልኮው በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጄን ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰገነቱ ላይ የነበረው እኮ ዳዊት ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ክፍሉን ደግሜ አነበብኩት። ልክ ነበሩ። ቁጥር 2 ከአልጋው ተነሥቶ በሰገነት ላይ ይመላለስ የነበረው ንጉሡ መሆኑን ይናገራል፤ ሴቲቱ የት ሆና እንደታጠበች ግን አይናገርም። ሰገነት ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከየት አመጣሁት ብዬ ራሴን ስመረምር፣ ለዓመታት ከሰማኋቸው ስብከቶችና በሥዕል ከተደገፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በአእምሮዬ የተጠራቀመ ምስል መሆኑን ተረዳሁ። ምስሉ ከቃሉ ቀድሞ ቦታ ይዞ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በትርጓሜ መርሆች ክፍለ ጊዜ የባሮክ ዘመን ሥዕሎችን ለተማሪዎቼ ማሳየት ልማዴ ሆኗል። በየጊዜውም አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ሥዕል ምን ያደርግልናል?» መልሴ አጭር ነው። ለአምልኮ አንፈልገውም፤ ራሳችንን ለመመርመር ግን ይጠቅመናል። ሠዓሊ አንድን ታሪክ ሲሥል ተመልካቹን የሆነ ስፍራ ላይ ማቆም ግድ ይለዋል፤ በሰገነቱ ላይ ከዳዊት ጎን ወይም በቤቱ ውስጥ ከቤርሳቤህ ጎን። ሰባኪም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ሠዓሊው ያደረገው ምርጫ በሸራው ላይ ለዘላለም ይታያል፤ የሰባኪው ግን በድምፁ ተሸፍኖ ያልፋል። ሥዕሉን በማየት የስብከታችንን ምርጫ ማየት እንማራለን።

ዘመኑና መጻሕፍቱ

ባሮክ የምንለው የሥነ ጥበብ ዘመን በግርድፉ ከ1600 እስከ 1750 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትሬንት ጉባኤ በ1563 መጨረሻ ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ባወጣው ድንጋጌ ሥዕል ሕዝቡን እንዲያስተምርና ለፍትወት የሚያነሣሣ ነገር እንዲወገድለት አዘዘ። በካቶሊክ ከተሞች ሠዓልያን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ እንደ ቲያትር፣ በጨለማ መካከል በሚፈነጥቅ ብርሃን፣ ልክ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቅጽበት መሣል ጀመሩ። በተሐድሶ ኔዘርላንድ ደግሞ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ነጋዴው ሳሎን ገባ፤ የሬምብራንት የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች በአብዛኛው ለመሠዊያ ሳይሆን ለቤት ግድግዳ የተሠሩ ናቸው። በሁለቱም ወገን ተፈላጊ ከነበሩት ታሪኮች መካከል የሶስና፣ የዮዲትና የቤርሳቤህ ይገኙበታል።

ሶስናና ዮዲት በእኛ 66 መጻሕፍት ውስጥ የሉም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ ግን ይገኛሉ፤ ከምእመናንዎ መካከልም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ይኖራሉ። ሉተር በ1534 ባሳተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን መጻሕፍት ከብሉይና ከአዲስ ኪዳን መካከል ለይቶ አስቀመጣቸው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል እንዳልሆኑ፣ ነገር ግን ቢነበቡ እንደሚጠቅሙ ገለጸ። እኔም እዚህ የማነሣቸው በዚሁ መንፈስ ነው። ከቀኖና ውጭ ባለ ታሪክ ዓይናችንን ካለማመድን በኋላ ወደ ቀኖናው ታሪክ እንመለሳለን።

ሶስና፦ በሩን ዘግታ ነበር

ታሪኩን ያስታውሱ። ሶስና በባቢሎን የኢዮአቄም ሚስት ናት። ለፈራጅነት የተሾሙ ሁለት የሕዝብ ሽማግሌዎች ቤቷ እየተመላለሱ ይመኟታል። አንድ ቀን በአትክልቱ ስፍራ ልትታጠብ ትፈልግና ገረዶቿን በሩን እንዲዘጉ ታዛለች። ተደብቀው የነበሩት ሽማግሌዎች ይወጡና ካልታዘዝሽን በዝሙት እንመሰክርብሻለን ይሏታል። እርሷ ግን ትጮኻለች። በፍርዱ ቀን ጉባኤው ሽማግሌዎቹን የሚያምነው ሽማግሌዎችና ፈራጆች ስለሆኑ ነው (ቁጥር 41)። በመጨረሻ ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ለያይቶ ይመረምራል፤ ውሸቱም ይገለጣል።

ደራሲው ስለ ዓይን የሚናገረውን ልብ ይበሉ። በቁጥር 9 ሽማግሌዎቹ ወደ ሰማይ እንዳያዩ ዓይናቸውን መለሱ። በቁጥር 32 በችሎት ፊት መሸፈኛዋን አስገለጧት፤ ውበቷን እያዩ ሊጠግቡ ነው። በቁጥር 35 ሶስና እያለቀሰች ወደ ሰማይ አየች። ታሪኩ ማየት ራሱ ኃጢአት ሊሆን እንደሚችል የሚያስተምር ታሪክ ነው፤ ሴቲቱን ለእይታ የሚያቀርቧት ክፉዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንሂድ። ከባሮክ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1555 ገደማ ቬኒሳዊው ቲንቶሬቶ የሣለው፣ ዛሬ በቪየና ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል በጣም የታወቀ ነው። ሶስና ራሷን በመስተዋት እያየች ተቀምጣለች፤ ጌጦቿ ከአጠገቧ ተዘርግተዋል። ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ያጮልቃሉ። ብርሃኑ ሁሉ ገላዋ ላይ ነው። ተመልካቹ ከሽማግሌዎቹ የተሻለ ቦታ ተሰጥቶታል፤ እነርሱ በአጥር ጫፍ የሚያዩትን እርሱ ፊት ለፊት ያያል። መስተዋቱም ነገር ይጨምራል፦ ሴቲቱ ራሷን በማየት ደስ የምትሰኝ ከሆነች፣ ሌላው ቢያያት ምን ይገርማል? መጽሐፉ ስለ መስተዋት አንድም ቃል የለውም። የተዘጋውን በር የከፈተው ሠዓሊው ነው።

ሮማዊቷ አርቴሚዥያ ጀንቲሌስኪ በ1610 ስሟን ጽፋ የፈረመችበት ሶስና ዛሬ በጀርመን አገር በፖመርስፌልደን ይገኛል። ሠዓሊዋ በ1593 የተወለደች ስለሆነ ዕድሜዋ ገና 17 ዓመት ገደማ ነበር፤ ጥበቡን የተማረችው ከሠዓሊው አባቷ ከኦራዚዮ ነው። በዚህ ሥዕል ውስጥ የአትክልት ስፍራ የለም፤ ዛፍ የለም፤ መስተዋትም ጌጥም የለም። ሶስና በጠንካራ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ናት። ሁለቱ ወንዶች ከጀርባዋ ካለው ግንብ ላይ ሊወድቁባት እንደ ደረሱ ሆነው አጎንብሰዋል፤ አንዱ ጸጥ በይ የሚል ምልክት ያሳያል። ከሁለቱ አንዱ ጸጉሩ ጥቁር ነው፤ ያን ያህል ሽማግሌ አይደለም። እርሷ ፊቷን አዙራ፣ ገላዋን አጥፋ፣ በእጆቿ ትከላከላለች። ራቁትነቷ አልተደበቀም፤ ነገር ግን ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው ውበት ሳይሆን ጭንቀት ነው። አርቴሚዥያ ታሪኩን ያነበበችው ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ ሆና ነው።

ሬምብራንት በ1636 ሌላ መንገድ መረጠ። በሄግ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ባለው ሥዕሉ ሽማግሌዎቹ በቁጥቋጦው ውስጥ ተሰውረዋል፤ በጥንቃቄ ካልፈለጓቸው አያገኟቸውም። ሶስና ግን ጎንበስ ብላ፣ ገላዋን እየሸፈነች፣ በቀጥታ ወደ እኛ ታያለች። የደነገጠችው እኛን አይታ ነው። ይህን ሥዕል ለተማሪዎቼ ሳሳይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሠዓሊው ተመልካቹን በሽማግሌዎቹ ቦታ አቁሞ፣ ያንንም እንዲያውቅ አድርጎታል። ናታን ለዳዊት ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ታሪክ ነገረው፣ ፍርዱን ተቀበለው፣ ከዚያም ሰውዬው አንተ ነህ አለው (2ኛ ሳሙ. 12፥7)።

ዮዲት፦ የተረሳው ምዕራፍ

በካራቫጆ በ1599 ገደማ የተሣለው፣ በሮም በባርቤሪኒ ቤተ መንግሥት የሚገኘው የዮዲት ሥዕል በዘመኑ ሠዓልያን ላይ ብዙ ተጽዕኖ አሳድሯል። ሆሎፎርኒስ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ደሙ ይፈስሳል። ዮዲት ክንዷን ዘርግታ፣ ገላዋን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ፣ ግንባሯን ቋጥራ ትቆርጣለች፤ የምትጸየፈውን ሥራ እንደ ታዘዘች ልጅ ናት። ከጎኗ ፊቷ የተጨማደደ አሮጊት ገረድ ከረጢት ይዛ ትጠብቃለች። ውበትና እርጅና፣ ወጣትነትና ሞት ተነጻጽረው ቀርበዋል። ሥዕሉ ታላቅ ነው፤ ጥያቄዬ ግን ይህች ዮዲት ያን ያህል ኃይለኛ ሰው በእነዚያ ክንዶች ልታሸንፈው ትችላለች ወይ የሚል ነው። ሠዓሊው ድርጊቱን አምኖበታል፤ አድራጊዋን ግን ያመነባት አይመስለኝም።

አርቴሚዥያ ይህን ታሪክ ደጋግማ ሥላዋለች። በኔፕልስ በካፖዲሞንቴ ያለው ከ1612 እስከ 1613 ገደማ፣ በፍሎረንስ በኡፊዚ ያለው ደግሞ በ1620 ገደማ የተሣለ ነው። ዮዲት እጅጌዋን ሰብስባለች። ገረዲቱ ወጣት ናት፤ ሰውዬውን ከላይ ተጭና ይዛዋለች። ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ጥላቻ ሳይሆን ትኩረት ነው። በ1620 በሣለችውና በቡዳፔስት በሚገኘው የኢያዔል ሥዕል (መሳፍንት 4) ደግሞ ኢያዔል መዶሻዋን አንሥታ በጸጥታ ትሠራለች፤ ካስማ መትከል ለድንኳን ሴት የዕለት ሥራዋ እንደሆነ ሁሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው ስለ ሠዓሊዋ ሕይወት ነው። በ1611 አርቴሚዥያን የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሠዓሊ አጎስቲኖ ታሲ አስገድዶ ደፈራት። በ1612 በሮም የተካሄደው ችሎት ወራት ፈጀ፤ እውነቷን ለመፈተን ተብሎ ጣቶቿ በገመድ እየተጠበቁ እንድትመሰክር ተደረገች። ቃሏን አልለወጠችም። ታሲ ተፈርዶበት ከሮም እንዲወጣ ቢወሰንም ቅጣቱ በተግባር አልዋለበትም። ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነሥተው የዮዲት ሥዕሎቿን ሁሉ የበቀል ማስታወሻ አድርገው ያነብባሉ። ፈታኙ ነገር ይህ ንባብ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። የሶስና ሥዕሏ ግን ከመደፈሯ አንድ ዓመት ቀድሞ ተጠናቋል። ዓይኗ የተከፈተው በቁስሏ ብቻ አልነበረም። ከዚያም በኋላ በ1616 በፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆናለች፤ በቬኒስ፣ በኔፕልስና በለንደን ሠርታለች። ለአርባ ዓመታት ያህል በሙያዋ የኖረችን ሴት በደረሰባት በደል ብቻ መጥራት ሁለተኛ በደል ነው። እኛ እረኞች ይህን ልብ እንበል። አንዲት እህት ምስክርነቷን ካካፈለች በኋላ ስንት ጊዜ ነው «ያቺ እንዲህ የደረሰባት» ብለን የምንጠራት?

ሁለተኛው ስለ መጽሐፉ ነው። ካራቫጆም ሆነ አርቴሚዥያ ገረዲቱን ድንኳኑ ውስጥ አስገብተዋታል፤ በመጽሐፈ ዮዲት 13 ግን ገረዲቱ ከውጭ ትጠብቃለች፣ ዮዲትም ብቻዋን ጸልያ ሁለት ጊዜ ትመታዋለች። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ትልቁ ነገር ሠዓልያኑ ምዕራፍ 8ን ጭራሽ አለመሣላቸው ነው። በዚያ ምዕራፍ የከተማዋ አለቆች እግዚአብሔር በአምስት ቀን ውስጥ ካልረዳን ከተማዋን አሳልፈን እንሰጣለን ብለው ለሕዝቡ ቃል ገብተዋል። ዮዲት ታስጠራቸውና እግዚአብሔርን በቀን ቆጠራ ልትፈትኑት እናንተ ማናችሁ ብላ ትገሥጻቸዋለች። ይህች ሴት ሰይፍ ከማንሣቷ በፊት የነገረ መለኮት ሰው ናት። ሆኖም ቃሏ ለሸራ አልመቸም፤ ሰይፏ ግን መቸ።

በመድረካችንም ይኸው ይሆናል። አስቴርን ስንሰብክ የምንዘገየው በምዕራፍ 2 በውበቷ ላይ ነው። አርቴሚዥያ እንኳ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም በሚገኘው ሥዕሏ አስቴርን በአርጤክስስ ፊት ስትዝለፈለፍ አሳይታታለች፤ ይህ የመጣው ከግሪኩ ጭማሪ ነው። በዕብራይስጡ አስቴር በአደባባዩ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትወድቅም (5፥1-2)። ከዚያ በፊትም ጾም ያወጀችው እርሷ ናት፤ መርዶክዮስም ሄዶ ያዘዘችውን ሁሉ አደረገ (4፥16-17)። ውድቀቷን የሚያስታውስ ሥዕል አለ፤ ትእዛዟን የሚያስታውስ ስብከት ግን ስንት ሰምተዋል?

ቤርሳቤህ፦ ደብዳቤውን የያዘች ሴት

ወደ ጀመርንበት ተመለስን። ሩበንስ በ1635 ገደማ የሣላት፣ በድሬስደን የምትገኘው ቤርሳቤህ በምንጭ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ገረዷ ጸጉሯን ታበጥራለች፤ አንድ ትንሽ ጥቁር አገልጋይ ደብዳቤ ያመጣላታል። ፊቷ ደብዳቤ አምጪውን በደስታ የሚቀበል ይመስላል። ዳዊት የት አለ? በስተግራ ከላይ፣ ከሩቅ ሰገነት ላይ፣ እንደ ጣት በምታህል ምስል ብቻ ይታያል። ንጉሡ ሩቅ ስለሆነ ጥፋቱም ሩቅ ይመስላል። ቅርብ ያለችው እርሷ ናት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእርሷ ይሆናል። እኔ በዚያ እሑድ የሰበክሁት ይህችን የሩበንስ ቤርሳቤህ ነበር፤ ሥዕሉን ሳላየው።

ሬምብራንት በ1654 የሣላት፣ በፓሪስ በሉቭር ያለችው ግን ሌላ ሴት ናት። ሸራው 142 በ142 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሴቲቱ የሰው ቁመት ልታህል ምንም አልቀራት። ዳዊት የለም። ሰገነትም የለም። አንዲት አሮጊት አገልጋይ ዝቅ ብላ እግሯን ታጸዳለች። ቤርሳቤህ በእጇ የተጣጠፈ ደብዳቤ ይዛለች፤ አንብባ ጨርሳለች። ዓይኗ ደብዳቤውን አያይም፤ እኛንም አያይም። ታስባለች። ንጉሥ ጠርቷታል፤ ባሏ ለዚሁ ንጉሥ በጦር ሜዳ ላይ ነው። እምቢ ማለት ይቻላል? እሺ ማለትስ? ሥዕሉ መልስ አይሰጥም።

በ2ኛ ሳሙኤል 11፥4 ደብዳቤ የለም፤ መልእክተኞች ብቻ ናቸው የተላኩት። በምዕራፉ ያለው ደብዳቤ ዳዊት ለኢዮአብ ጽፎ በኦርዮ እጅ የላከው ነው (11፥14-15)፤ ኦርዮ የገዛ ሞቱን ተሸክሞ ሄደ። ቤርሳቤህን ከነደብዳቤ መሣል ከሬምብራንት በፊትም የተለመደ ነበር። ነገር ግን ምዕራፉን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ሸራ ላይ ወረቀቱን ሲያይ ሁለተኛውንም ደብዳቤ ያስታውሳል። የመጀመሪያው ወረቀት የሁለተኛውን ጥላ ይዟል።

ይህን ሥዕል ያለ ነቀፋ አላልፈውም። ሬምብራንትም ቢሆን ራቁቷን አሳይቷታል፤ ሐዘኗን ለማየት የመጣ ተመልካች ገላዋንም ያያል። ዳዊትን ከሸራው ማስወጣቱ ሌላም አደጋ አለው፦ በዳዩ ካልታየ ጉዳዩ የሴቲቱ የኅሊና ትግል ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ከሬምብራንት ይልቅ ጨዋም ግልጽም ነው። ገላዋን አይዘረዝርም፤ መልከ መልካም ነበረች ብሎ ያልፋል። የንጉሡን ሥራ ግን በግስ ላይ ግስ እየደረበ ይቆጥረዋል፤ አየ፣ ጠየቀ፣ ላከ፣ ወሰደ፣ ተኛ። በዕብራይስጡ «ወሰደ» የሚለው ግስ (ላቃህ) ሳሙኤል ንጉሥ ምን እንደሚያደርግ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ደጋግሞ የተናገረው ነው (1ኛ ሳሙ. 8፥11-17)፤ ናታንም ባለጠጋው የድሀውን በግ ወሰደ ሲል የሚጠቀምበት እርሱኑ ነው (12፥4)። በምሳሌው ውስጥ በጓ ባለጠጋውን አላሳተችም። ቤርሳቤህ በምዕራፉ ከአንደበቷ የወጣው እንዳረገዘች የሚያሳውቀው መልእክት ብቻ ነው፤ በዕብራይስጡ ሁለት ቃል። ከዚያ በኋላ የምናየው ለባሏ ስታለቅስ ነው (11፥26)። የመጨረሻው ቁጥርም እግዚአብሔርን ያሳዘነው ዳዊት ያደረገው ነገር መሆኑን ይናገራል።

ከዚህ ሥዕል ጋር የሚያያዝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አለ፤ እረኞች ሊያውቁት ይገባል። ብዙ የዘርፉ ሰዎች ለቤርሳቤህ ሞዴል የሆነችው ሄንድሪክዬ ስቶፈልስ ናት ብለው ያምናሉ። በዚያው በ1654 ዓመት የአምስተርዳም ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሄንድሪክዬን ከሬምብራንት ጋር ያለ ጋብቻ በመኖሯ ጠርቶ ገሠጻት፤ ከጌታ እራትም አገዳት። ሬምብራንት የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባል ስላልነበረ እንዲህ ያለ ቅጣት አልደረሰበትም። በጥቅምት ወር ልጃቸው ኮርኔልያ ተጠመቀች። ጉባኤው ኃጢአትን ኃጢአት ማለቱ ስሕተት አልነበረም። በሥርዓቱም መሠረት ስልጣኑ በአባላቱ ላይ ብቻ ነበር። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሁለት ሰዎች ባደረጉት ነገር በጉባኤ ፊት የቆመችው ሴቲቱ ብቻ ነበረች። ይህ በ17ኛው መቶ ዘመን የቀረ ታሪክ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር።

ለመድረክና ለሽማግሌዎች ጉባኤ

ከእነዚህ ሸራዎች ለአገልግሎታችን ምን እንውሰድ? አንዳንድ ወንድሞች ይህ ሁሉ ዘመናዊ አስተሳሰብን በመጽሐፍ ላይ መጫን ነው ይሉኛል። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ቃሉን ለዘመን ጩኸት ማስገዛት በእርግጥ አደጋ ነው። ነገር ግን ሰገነቱ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ የነገረን ዘመናዊ ጸሐፊ አይደለም፤ 2ኛ ሳሙኤል ነው። በጽሑፉ ላይ የጫነው ቤርሳቤህን ወደ ሰገነት ያወጣው ስብከቴ ነበር። በሌላ በኩል በቃሉ የሌለውን የቤርሳቤህን የልብ ሐሳብ ፈጥረን ልብ ወለድ እንድንጽፍም አልመክርም። ቃሉ ዝም ባለበት ዝም እንበል፤ በተናገረበት ግን እንናገር።

ስለዚህ ስብከትዎን ሲያዘጋጁ ጉባኤውን የት እንደሚያቆሙት አስቀድመው ይጠይቁ። ስለ ዳዊት ኃጢአት እየሰበኩ ጉባኤውን ከዳዊት ጋር በሰገነቱ ላይ አቁመው ገላዋን በቃል የሚያሳዩ ከሆነ፣ የሚኮንኑትን ኃጢአት እያስደገሙ ነው። ከፊትዎ ከተቀመጡት መካከል በዘመድ፣ በአሠሪ ወይም በመሪ የተበደለች እህት ትኖራለች። እርሷ ስብከቱን የምትሰማው ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ ሆና ነው። ጉባኤው ፈገግ ሲል እርሷ ምን እንደምትሰማ ያስቡ። ያን እሑድ እኔ አላሰብኩም ነበር።

የሶስና ታሪክ ደግሞ ከመድረክ አልፎ ወደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ይገባል። ጳውሎስ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ተቀባይነት እንዳይኖረው ያዝዛል (1ኛ ጢሞ. 5፥19)። ይህ ትእዛዝ ንጹሕ አገልጋይን ከሐሜት ይጠብቃል፤ ልንጥለው አንችልም። ነገር ግን ቀጣዩ ቁጥር ኃጢአት የሠሩት በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ ያዝዛል፤ ሁለቱም አብረው ይነበባሉ። ዘዳግም 19፥15-18ም ምስክር ከመቁጠር በላይ ፈራጆች አጥብቀው እንዲመረምሩ ይጠይቃል። በሶስና ላይ ሁለት ምስክሮች ነበሩ፤ ሁለቱም የተከበሩ፣ ሁለቱም ሐሰተኞች ነበሩ። ጉባኤው የሳተው ማዕረጋቸውን እንደ ማስረጃ በመቀበሉ ነው። ዳንኤል ያደረገው ቀላል ነገር ነበር፦ ለያየ፣ ጠየቀ፣ መልሳቸውን አስተያየ። አንዲት እህት ስለ አንድ አገልጋይ አቤቱታ ይዛ ስትመጣ «እርሱ እንዲህ አያደርግም» ብለን ከመመለሳችን በፊት ይህን ያህል ምርመራ ማድረግ የሁላችን ግዴታ ነው። ያ ምርመራ ንጹሑንም ሰው ነጻ ያወጣዋል።

በመጨረሻም ሴቶቹን በአንድ ቅጽበት አንዘጋባቸው። ቤርሳቤህ በ2ኛ ሳሙኤል 11 አታልቅም። በ1ኛ ነገሥት 1 የበጓን ምሳሌ የተናገረው ያው ናታን መጥቶ ይመክራታል፤ ገብታም በንጉሡ ፊት ስለ ሰሎሞን ትናገራለች፤ ዙፋኑም ወደ ልጇ ይሄዳል። ማቴዎስም በጌታችን የዘር ሐረግ ውስጥ የኦርዮ ሚስት ብሎ ያነሣታል (1፥6)። ወንጌላዊው ስሟን ትቶ የባሏን ስም መጥቀሱ እርሷን ለማዋረድ አይመስለኝም፤ የተወሰደው ከማን እንደተወሰደ እንዳይረሳ ነው። መሲሑ የመጣው ይህን ሁሉ በግልጽ በያዘ የትውልድ መዝገብ ውስጥ ነው።

እኚያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነጋገርናቸውም፤ ይቅርታም አልጠየቅኳቸውም። ክፍሉን ደግሜ በሰበክሁበት ቀን ግን የጀመርኩት በእርሳቸው ዐረፍተ ነገር ነው። እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ 2ኛ ሳሙኤል 11ን ሲከፍቱ ስለ ውሃው ከመናገርዎ በፊት ቁጥር 1ን ያንብቡ፤ ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት ዳዊት የት ነበር? ስብከቱን ከዚያ ይጀምሩ።